ኤሮን የተባሉት ሰውዬ

ክሬግወን፣ መጋቢት 8 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.

ውድ እማዬ፣

«ደህና ገባሁ» የምትል ቴሌግራም ብቻ ልኬ ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ንዴቱ እየቀደመኝ ነው። አንቺና አባዬ እንዴት ከረማችሁ? እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ እኔም አልበረድኩም። አቀባበላቸው እንዴት እንደነበር ጠይቀሽኛልና ይኸውልሽ።

ከባቡሩ ስወርድ ሦስት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በዝናብ ቆመዋል። እኔን እንደሚጠብቁ አውቄ ፈገግ ብዬ ቀረብኳቸው። እነሱ ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ፉርጎው ያያሉ።

«የኔ ልጅ፣» አለኝ አንደኛው፣ «አንድ ሰውዬ አብረውሽ አልተሳፈሩም? ኤሮን ፕሮሰር ይባላሉ፤ ከደቡብ ነው የሚመጡት።»

«እኔ ነኝ፤ እንኳን ደህና ቆያችሁኝ።»

«አይ፣ የመዘምራን መሪውን ነው የምንልሽ። ሰውዬውን።»

«ሰውዬው እኔ ነኝ።»

እማዬ፣ ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ እስኪሄድ ድረስ ሌላ ኤሮን ይወርዳል ብለው ጠበቁ! ከዚያ ሻንጣዬን የሚቀበለኝ እንኳን ጠፋ። እኔው ተሸክሜ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጸሐፊው አቶ ቱዲር ፒው ይባላል፤ በድንጋይ ካባው ቢሮ የሚሠራ፣ አንገቱን በክራቫት ያነቀ ሰው ነው። ደረቴ ላይ ጣቱን ቀስሮ «አታለሽናል» አለኝ።

«በምን?»

«ሴት መሆንሽን በማመልከቻሽ ላይ አልገለጽሽም።»

«እናንተስ በጋዜጣው ማስታወቂያ ላይ ወንድ ይሁን ብላችሁ ነበር?»

«የወንዶች መዘምራን ይላል እኮ!»

«መዘምራኑ ወንዶች ናቸው። መሪውም ጢም ያብቅል የሚል አላነበብኩም።»

«ስሙስ? ኤሮን ብሎ ሴት የት አገር ነው ያለው?»

«በእኛ ሸለቆ ሥጋ የሚሸጥልን ኤሮን ነው፤ በጸሎት ቤት ኦርጋን የምትጫወትልን ኤሮን ናት። ኦርጋን ልማር ብሎ ሥጋ ቤት የሄደ ሰው እስከዛሬ አልሰማንም።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቀና መልሶ ሳለ። እኔም ራሳቸው የጻፉልኝን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ነው የሚለው። «እርስዎን የመሰለ የሙያ ሰው ስላገኘን…»፣ «እርስዎ ያሠለጠኗቸው ልጆች ዝማሬ…»። እኔም «እርስዎ» እያልኩ ነው የመለስኩላቸው። «እርስዎ» ሱሪም አይታጠቅ፣ ቀሚስም አይለብስ። ማን ማንን አታለለ?

መቼም የሚያባርሩኝ መስሎሽ ይሆናል። የጰራቅሊጦስ የዝማሬ ውድድር ስለደረሰባቸውና ሌላ ሰው ስለሌላቸው «እስከዚያ በጊዜያዊነት ትቆይ» ብለው ወሰኑ። እንደ ተበደረ ጃንጥላ! ትቼ ልመጣ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር፤ መልሼ ፈታሁት።

አባዬን ጠይቂልኝ፤ ይሄን ስም ሲያወጣልኝ በትክክል ምን ማለቱ ነበር? የማስረዳበት ነገር ያስፈልገኛል።

ልጅሽ ኤሮን

*

ኪልግዊን እርሻ፣ መጋቢት 14

ለልጄ፣

ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩለት። «ሰውዬው እኔ ነኝ» ያልሽው ጋ ስደርስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላገኘሁበትም። እንደዚህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ተናግሬ ነበር። ሴት ልጅ የሴት ስም ይኑራት፣ ሜርየል እንበላት ብዬ ከአልጋዬ ሳልነሣ ለምኜው ነበር። «እሺ» ብሎኝ ወጣ፤ ሲመለስ ኤሮን ሆነሻል።

የመዝገብ ሹሙ እንኳን ግራ ገብቶት «የወንድ ስም ነው የሴት?» ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ። አባትሽ ደግሞ መስኮቱን አሳይቶ «ወንዙን ማን ጠይቆት ያውቃል?» አለው። ይህን በኩራት ነው የሚያወራው። እኔ ለስንት ዓመት «ወንድ ነው ሴት ልጅሽ?» ለሚለኝ ሁሉ ስመልስ የኖርኩትን እሱ አያውቅም።

ትርጉሙን ጠይቀሻል። አባትሽ ያለውን እንዳለ ልጻፍልሽ። አንደኛ፣ በበራችን የሚያልፈው ወንዝ ነሽ። ሁለተኛ፣ ኤሮን በቋንቋችን የቁጥቋጦ ፍሬ ማለት ነው፤ የተወለድሽው እንጆሪው በየአጥሩ ጠቁሮ የሰው እጅ ሁሉ በቀላበት ሰሞን ነበር። ሦስተኛውን ዝም ብንለው ይሻላል ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ጻፊ አለኝ። የድሮ ነገር አዋቂዎች እንደሚሉት ወንዙ ራሱ ስሙን ያገኘው ክርስትና ሳይመጣ በፊት ሰዎች ይፈሯት ከነበረች የጦርነት አምላክ ነው ይባላል። «ሦስቱንም ውሰጂ፤ ለየሰዉ የሚስማማውን አውጪለት» ይልሻል።

እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ካልፈለጉሽ ተመለሺ። የሰው ፊት እያየሽ አትኑሪ።

የአባትሽን ጤና ጠይቀሻል። ደህና ነው። ብርዱ ስለጠናበት ምድጃው አጠገብ መቀመጥ አብዝቷል እንጂ ሌላ ነገር የለም። በጎቹን ለጊዜው የጎረቤታችን የሌወሊን ልጅ ያይለታል። ወፍራሙን ካልሲ ልኬልሻለሁ።

እናትሽ ማርጌድ

*

ክሬግወን፣ ሚያዝያ 4

ውድ እማዬ፣

ካልሲው ደርሶኛል፤ እግሬ መረቀሽ። ስለ ምግቡና ስለ ማደሪያው አትጨነቂ። ያረፍኩት ወይዘሮ ኤሉነድ የምትባል የካባ ሠራተኛ ሚስት ቤት ነው። የዘቢብ ዳቦዋ ያንቺን ባያክልም ቅቤ አትሰስትበትም። አፏም አይሰስትም፤ አቶ ፒውን «ክራቫቱ ደሙን ወደ ጭንቅላቱ አላሳልፍ ብሎት ነው» ትለዋለች።

ሰዎቹ ይታዘዙሽ ጀመር ወይ ትዪኝ ይሆናል። የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የድንጋይ አቧራቸውን እንኳን ሳያራግፉ መጥተው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። አንዱ ተነሣና «እመቤት፣ በደቡብ አፍ ስትቆጥሪ አይገባንም» አለኝ።

«እኔ ግን በሰሜን አፍ ስትሳሳቱ በደንብ ይገባኛል» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ይሰሙኛል። እማዬ፣ ድምፃቸውን ብትሰሚው! በተለይ ኢድዋል የሚባል አለ፤ የካባውን ግድግዳ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚፈለፍል፣ ዝምተኛ፣ ድምፁ ከመሬት ሥር የሚወጣ። በእኔ ላይ የተናገረው ክፉ ቃል የለም፤ ስሳሳት እንኳን በዓይኑ ነው የሚያርመኝ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይነካኛል። አቧራው ሳንባቸውን በልቶታል፤ ረጅም ትንፋሽ የላቸውም። የቀድሞው መሪ በዚህ ይሰድባቸው ነበር አሉ። እኔ መዝሙሩን ቆራርጬ ትንፋሹን በየረድፉ አከፋፈልኩት፤ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው ይዞ እንዲቆይ። አሁን አንድ ትልቅ ጤነኛ ሰው የሚዘምር ይመስላል።

ይሄ ሁሉ እየሆነ ደግሞ የዚህ ጸሎት ቤት ፓስተር እሁድ ለሻይ ጠርቶኝ ምን እንዳለኝ ስሚ። መጽሐፍ ገልጦ ጠበቀኝ። «ስምሽን መርምሬዋለሁ» አለ። «ከጦርነት ጣዖት የመጣ ነው። ለሴት ልጅ አይሆንም።»

«ጣዖቱ ወንድ ነበር ሴት?» አልኩት።

መጽሐፉን አየ። «ሴት… ይላል።»

«እንግዲያው ስሙን በውሰት የያዙት ወንዶቹ ናቸው።»

«ልጄ፣ ነገሩ እኮ አረማዊ ነው።»

«አረማዊነቱ ከሆነ ያስጨነቀዎት፣ ለወንዱም አይሆን!»

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እነዚህ ሰዎች ስሜን የሚመረምሩት ምን እንደሆነ ለማወቅ አይደለም፤ የማን እንዳልሆነ ለመንገር ነው።

አሁን ደግሞ አንቺን ልቆጣ ነው። በጎች በሚወልዱበት ወር አባዬ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የሌወሊን ልጅ ግልገል ያዋልዳል? አባዬ? አታባብይኝ። ምን ደብቀሽኛል?

ኤሮን

*

ኪልግዊን፣ ሚያዝያ 12

ልጄ፣

እንዳልጽፍልሽ አስምሎኝ ነበር። ልቡ ነው። በየካቲት መጨረሻ፣ አንቺ ልትሄጂ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ፣ ከበረቱ ሲመለስ በሩ ላይ ተደግፎ ቀረ። «ደከመኝ ብቻ ነው፤ ለኤሮን ብትነግሪያት መንገዷን ታስቀሪያለሽ» አለኝ። ከሄድሽ በኋላ ሐኪሙ መጥቶ አየው። ተራራ መውጣት፣ ከባድ ማንሣት፣ መደንገጥ ተከልክሏል። ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ። ማታ ማታ ልነግርሽ ወረቀት አወጣለሁ፤ እሱ ከአልጋው ሆኖ የወረቀቱን ድምፅ ይሰማና «ማርጌድ፣ ለማን ነው?» ይለኛል።

«ልምጣ» ብለሽ እንዳትነሺ። «መዘምራኑን ጥላ ከመጣች አላናግራትም» ብሏል፤ እንደሚያደርገው ደግሞ ታውቂዋለሽ።

የአንቺን ነገር ግን እንዴት እንደያዘው ልንገርሽ። ውድድሩ በራዲዮ እንደሚተላለፍ ከሰማ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ሌወሊን የራሱን ራዲዮ በጋሪ አምጥቶ አልጋው አጠገብ አስቀመጠለት። ወተት ሊወስድ የሚመጣውን ሳይቀር «በጰራቅሊጦስ ሰኞ የልጄ ስም በአገሩ ሁሉ ይጠራል፤ መጥተህ ስማ» ይለዋል። ሥጋ ሻጩ ኤሮን እንኳን «የእኔም ስም ነው፣ ድርሻ አለኝ» ብሎ ወንበር አስይዟል።

እና በርቺ። ያን ፓስተር ግን ሻዩን ጨርሰሽ ብትሰድቢው ይሻል ነበር።

እናትሽ

*

ክሬግወን፣ ግንቦት 16

እማዬ፣

የአባዬን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፌ ተቆራርጧል። እንደ ቃሉ አልመጣሁም። ግን ቁጣዬን በአንቺ ላይ ለማውጣት ጊዜ የለኝም፤ የሚበቃ ሰው እዚህ አለ።

ስለ መድረኩ ልብስ ታስቢ ይሆናል። ልብስ አያስፈልገኝም። ስሚ።

ትናንት አቶ ፒው ከልምምድ በኋላ አስቀረኝ። ኢድዋልም ቆሟል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አቶ ፒው የውድድሩን የታተመ ፕሮግራም ዘረጋልኝ። «የመዘምራኑ መሪ፦ ኤሮን ፕሮሰር» ይላል።

«አየሽ፣ ስምሽን አሳምረን አስገብተናል» አለኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ፤ ሞኟ እኔ።

«እንግዲህ ይሄን ያነበበ ሁሉ ወንድ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ዳኞቹም እንደዚያ። ታዲያ ለምን እናስደነግጣቸዋለን? ኢድዋል መዝሙሩን ያውቀዋል፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ እሱ ይቁም። አንቺ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠሽ ታዳምጫለሽ። በራዲዮ የሚጠራው ያንቺ ስም ነው። ምን ይጎድልብሻል?»

ምን ይጎድልብሻል! እማዬ፣ መጀመሪያ በስምሽ አታለልሽን አሉኝ። አሁን በዚያው ስም አገር ሊያታልሉ ነው። በመጋቢት የወንድ ስም ነው ብለው ሊነጥቁኝ ሞከሩ፤ በግንቦት ሊለብሱት ፈለጉ። ሥራው የእኔ፣ ስሙ የእኔ፣ እጁ የሌላ!

ኢድዋልን «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት። «እኔ ፕሮግራም አላተምኩም» ብቻ አለ። ከሱ ያልጠበቅኩት እሱን ነው።

«አላደርገውም» ብዬ ወጣሁ። አቶ ፒው ከኋላዬ «ለመዘምራኑ ስትዪ አስቢበት!» ይላል። እኔ ስለ መዘምራኑ ያሰብኩትን ያህል እሱ ስለ ክራቫቱ አስቦ ቢሆን!

ምን ትመክሪኛለሽ? አባዬ ይህን እንዳይሰማ።

ኤሮን

*

ኪልግዊን፣ ግንቦት 19

ልጄ፣

ምከሪኝ ስላልሽ እመክርሻለሁ፤ አትወጂውም።

እሺ በያቸው። ልክ ናቸው ብዬ አይደለም፤ ባገኛቸው ፊታቸውን በመጥረጊያ ነበር የምላቸው። ግን አባትሽ አልጋው ላይ ሆኖ ቀን ይቆጥራል። ሐኪሙ ትናንት ሲወጣ በር ላይ የነገረኝን አልጽፍልሽም። ይህ ሰው ሰኞ ዕለት በራዲዮ የሚሰማው አንድ ቃል ነው። እጁን የሚያወዛውዘው ማን እንደሆነ ራዲዮ አያሳይም። ስሙን ይስማ። ሰምቶ ደስ ይበለው። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ካባውን በላያቸው ላይ ናጂው።

ክብርሽ እንደሚነካ አውቃለሁ። እኔም አንድ ጊዜ ያወጣሁት ስም ቀርቶብኝ ዝም ብያለሁ፤ አልሞትኩም።

እንዳትገረሚ ደግሞ ልንገርሽ፤ ለአቶ ፒው ጽፌለታለሁ። አባቷ ታሟልና ስሟ እንዳይቀር፣ እኛ ወላጆቿ ቅሬታ የለንም ብዬዋለሁ። ለአንቺ ብዬ ሳይሆን ለእሱ ብዬ ነው። ተቆጪኝ፤ እችለዋለሁ።

እናትሽ

*

ክሬግወን፣ ግንቦት 22

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት አቶ ፒው ለእሱ የጻፍሽውን ይዞ እያውለበለበ መጣ። «የገዛ እናትሽ ከአንቺ ይልቅ አስተዋይ ናቸው» አለኝ፤ ወይዘሮ ኤሉነድ ፊት!

«እኛ ወላጆቿ» ብለሽ ጽፈሻል። አባዬን ጠይቀሽዋል? አልጠየቅሽውም። እሱ የሰጠኝን ስም እሱ ሳያውቅ ለማያውቀው ሰው አበደርሽ። ሲሞት እንኳን የሚሰማው ነገር ውሸት ይሁን?

በአዳራሹ ሰው ሁሉ እየሰማ ለአቶ ፒው እንዲህ አልኩት። ወይ እኔና ስሜ አብረን እንወጣለን፣ ወይ አብረን እንቀራለን። ስሜን ከመድረኩ አውርድ። «እሺ፣ ለአስተዋዋቂው እነግራለሁ» አለ። ሰኞ ዕለት የኢድዋልን ስም ትሰማላችሁ። ለአባዬ ምን እንደምትዪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚጸጽተኝን እጽፋለሁ።

ኤሮን

*

ኪልግዊን፣ ሰኔ 1

ልጄ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ያልሰጠሁት የምለው ስላጣሁ ነው። አሁን አለኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሰኞ ዕለት ቤቱ ሞላ። ሌወሊን፣ ሚስቱ፣ ሁለቱም ኤሮኖች፣ ወተት የሚወስደው ሳይቀር። አባትሽ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሺኝ ብሎ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። እኔ ምድጃው ዘንድ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ የኢድዋል ስም ሲጠራ ፊቱን እንዳላይ። «ኤሮን አሟት ነው» ልለው አዘጋጅቼ ነበር።

አስተዋዋቂው «የክሬግወን የወንዶች መዘምራን» አለ። ከዚያ «መሪያቸው አቶ ኤሮን ፕሮሰር!» አለ።

አቶ አለ! ሰዉ አጨበጨበ። ሥጋ ሻጩ «አቶ አሏት እኮ!» ብሎ ተንከተከተ፤ ሁሉም ሳቁ። አባትሽ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አነሣ፤ ዝም አሉ። ያ ሰውዬ ቃሉን አጥፎ ስምሽን አስጠርቶልሻል፤ አባትሽም ደስ አለው። እኔ የለመንኩት ሁሉ ቃል በቃል ተፈጸመልኝ።

ልጄ፣ ልሸከመው አልቻልኩም። መዝሙሩ ሲጀምር ጆሮዬ ውስጥ እሳት የገባ መሰለኝ። በደስታ የሚያለቅሰውን ባሌን እያየሁ፣ እሱን አስለቅሶ ያስደሰተው ሌብነት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። የሌባውን በር የከፈትኩለትም እኔ። አንደኛ ወጡ ሲባል ቤቱ ተገለበጠ። አባትሽ «ትንፋሹን ሰማሽው? እንደዚያ አከፋፍሎ የሚያዘምር ሌላ ሰው የለም። ይሄ የልጄ እጅ ነው!» አለኝ።

«እጇ አይደለም» አልኩ።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላሰብኩትም። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጻፍኩትን ደብዳቤም ጭምር፣ በሰው ፊት። ልቡ በእጄ ላይ ይቆማል ብዬ እየፈራሁ።

ምን አለ መሰለሽ? «ልጄ የት ነበረች?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ስሟን አደባባይ አውጥተው እሷን የት ጣሏት?» አለና ከትራሱ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ቀላ፤ ከየካቲት ወዲህ እንደዚያ ቀልቶ አላየሁትም። «ወረቀት አምጪ! ለራዲዮ ጣቢያውም፣ ለውድድሩ አዘጋጆችም። ‹አቶ› የሚባል ልጅ የለኝም፤ ኤሮን ፕሮሰር ሴት ልጄ ናት፤ መድረኩ ላይ የቆመውን ሰው ስሙን ጠይቁልኝ ብለሽ ጻፊ!» አለ። ጻፍኩ። ሥጋ ሻጩ ኤሮን በብስክሌቱ ሄዶ ፖስታ ቤት ጣለው። ሐኪሙ በማግስቱ መጥቶ ደረቱን አዳምጦ «ምን አበላችሁት?» አለኝ።

እኔን ግን ገና በደንብ አላናገረኝም። ይገባኛል። አንቺም አትቸኩይ። ግን የት ነበርሽ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

እናትሽ ማርጌድ

*

ክሬግወን፣ ሰኔ 9

ውድ እማዬ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ወዲያው አልነበረም። ደብዳቤሽን አንብቤ ወርውሬው፣ ወይዘሮ ኤሉነድ አንሥታ ገበታው ላይ አስቀምጣው፣ መልሼ አነበብኩት። በሰው ፊት መናገርሽ ላይ ስደርስ ንዴቴ ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

የት ነበርሽ ላልሽኝ፣ ስሜ በአገሩ ሁሉ ሲጠራ እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። የካባ ሠራተኞቹ ሚስቶች ራዲዮ ለመስማት ወይዘሮ ኤሉነድ ወጥ ቤት ተሰብስበው ነበር። «አቶ ኤሮን ፕሮሰር» ሲል ሁሉም ዞረው አዩኝ። ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ኤሉነድ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው፤ ምን እንደፈራች አላውቅም።

በማግስቱ ኢድዋል ኮፍያውን አውልቆ መጣ። «ተስማምታለች፣ ለአባቷ ስትል ነው ብለው የእናትሽን ደብዳቤ አሳዩኝ» አለ።

«በአዳራሹ እምቢ ስል አልነበርክም?»

«ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ሐሳቧን ቀይራለች አሉኝ። ማመን ስለቀለለኝ አመንኩ» አለ። «አቶ ፕሮሰር እያሉ እጄን ሲጨብጡኝ ግን የሞተ ሰው ኮት የለበስኩ ያህል ቀፈፈኝ።» አላባበልኩትም። ሻይም አልሰጠሁትም።

አሁን የአባዬ ደብዳቤ የሠራውን ስሚ። ባለፈው ሐሙስ የውድድሩ አዘጋጆች ለአቶ ፒው «ኤሮን ፕሮሰር ማን ናቸው? መድረክ ላይ የቆሙትስ?» ብለው ጻፉለት። ያ ክራቫት ያን ቀን ላላ! ወይዘሮ ኤሉነድ ቤት እየሮጠ መጣ።

«ሚስ ፕሮሰር፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልን። ታምሜ ነው፣ ኢድዋልን የወከልኩት እኔ ነኝ በይ። አለዚያ ዋንጫውን ይነጥቁናል።»

«አልታመምኩም። አልወከልኩም።»

«ለሰዎቹ አታዝኚም? እንዴት እንደለፉ ታውቂያለሽ!»

«አውቃለሁ። አብሬያቸው ነበርኩ። አንተ የት ነበርክ?»

«እሺ ምን ላድርግ?» አለ።

«ኤሮን ፕሮሰር ማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ያላወቅከው አንተ ነህ፤ ስለዚህ አንተ ተናገር። ለአዘጋጆቹ ጻፍ፣ ለሰዎቹም ንገር።»

ሰኞ በልምምዱ አዳራሽ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሚስቶቻቸውም ሳይጠሩ መጥተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አቶ ፒው ወረቀት ይዞ ተነሣ። «በስም መመሳሰል ምክንያት በተፈጠረ አለመግባባት…» ብሎ ጀመረ።

«ምን መመሳሰል?» አለች ወይዘሮ ኤሉነድ። «ከማን ጋር?»

ወረቀቱን ገለበጠው። «መሪው ኤሮን ፕሮሰር የተባሉት…»

«የተባሉት ማን?» አለ ኢድዋል ከኋላ። ከካባው የመጣው ያ ድምፁ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። «ቱዲር፣ ስም ጥራና ጨርስ!»

አቶ ፒው አየኝ። «ኤሮን ፕሮሰር…» አለ፤ ወረቀቱን አጣጠፈ፤ «ኤሮን ፕሮሰር እሷ ናት» አለ።

ጽፎም ላከው። ዋንጫውን ግን ወሰዱት፤ ለሁለተኛዎቹ ተሰጠ። ሁሉም እኔን አቅፈው የሳሙኝ እንዳይመስልሽ። አንዱ በሩን ሲወጣ «ዝም ብትይ ኖሮ ዋንጫችን መደርደሪያው ላይ ነበር» ብሎኛል። «አንተ ዝም ባትል ኖሮም መደርደሪያው ላይ ነበር» አልኩት። ከዚያ እኔ ልቀጥል ወይስ ልሂድ በሚለው ላይ እጅ አወጡ። ይበልጡ ትቆይ አሉ፤ ሁሉም አይደሉም። አቶ ፒው ጸሐፊነቱን ለቅቋል፤ ሕመም ነው ይላል። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከውሌ ይውጣና እንነጋገራለን ብያቸዋለሁ።

የራዲዮ ጣቢያውም ትናንት ማስተካከያውን አነበበ። «ሚስ» አሉኝ። እናንተ ጋ መድረሱን አላውቅም፤ ምናልባት ሌወሊን ራዲዮውን ወስዶት ይሆናል።

ቅዳሜ በባቡር እመጣለሁ። መልስ አትጻፊልኝ፤ እቀድመዋለሁ። አባዬን ንዴቱን ሳይጨርስ ይጠብቀኝ በይልኝ፤ የእኔም ገና አላለቀም።

ኤሮን